ጊታሩን ጋራዥ ከመውሰድህ በፊት

ወንድሜ፣ «ጥቁር ኤሌክትሪክ ጊታሬን ነጭ ላደርገው ነው፤ የድሮውን ቀለም ቤት ውስጥ በቲነር አስለቅቄ ጋራዥ ባስቀባውስ?» ብለህ ጠይቀሃል። አምና እኔም ይችኑ ነበር ያሰብኩት። በቁጥር ልንገርህ።

1. ቲነሩን ተወው። የዛሬ የፋብሪካ ጊታር አብዛኛው የሚቀባው በፖሊየስተር ወይም በፖሊዩሪቴን ነው። ቲነር ንክች አያደርገውም። በቲነር የሚለቀው ናይትሮ የሚባለው የድሮው ቀለም ነው፤ ፌንደር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው ወደ ፖሊየስተር የዞረው። ካላመንክ የጀርባውን ክዳን ፍታና ማንም የማያየው ቦታ ላይ ቲነር የነካ ጥጥ አሽበት። ካልተጣበቀ ፖሊ ነው። አትላጠው። በ320 ብርጭቆ ወረቀት ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ፈግፍገው፣ ከላዩ ይቀባል። ዩቲዩብ ላይ በሙቀት ሲልጡት አይተህ ይሆናል። እንጨቱ ባስውድ ከሆነ ለስላሳ ነው፤ በስፓቱላ ቦርቡረኸው ቁጭ ትላለህ።

2. ቤት ውስጥ አትርጨው። እኛ አራት ኪሎ የምንኖረው የጋራ ግቢ ነው። ሁልጊዜ አንዷ ከሰል አያይዛ ቡና ታፈላለች። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት የመኪና ክሊር (ከቀለሙ ላይ የሚረጨው ቫርኒሽ) ደግሞ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ የኮሮና ጊዜ ማስክህ አያስጥልህም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ስፕሬይ አምጣልኝ ብለህ አታስቸግር። የቀለም ስፕሬይ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው። የአክስቴ ልጅ ገና ሳይሳፈር ተወስዶበት እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል። ስለዚህ መርጨቱ ጋራዥ ይሁን፣ እሺ።

3. ጋራዡ። ሆዴን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ፈግፍጌ፣ አጽድቼ፣ ሐር አስመስዬ ነው የወሰድኩለት። አንገቱ የሚገባባትን ጎድጓዳ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ፣ «እቺን ቀለም እንዳይነካት» አልኩት። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ስንት ላንድክሩዘር የቀባሁትን ሰውዬ በክራር ልታስተምረኝ ነው?» ረዳቶቹ ሳቁ። ቅዳሜ ና አለኝ። ቅዳሜ መብራት የለም። ማክሰኞ ና።

ነጩ ያምራል፣ አልዋሽም። ገልበጥ ሳደርገው ፕላስተሩ የለም። «አያምርም ብዬ አነሳሁት።» ጎድጓዳው በስቱኮ ተለስኗል፤ በላዩ ፕራይመር፣ በላዩ ነጭ፣ በላዩ ክሊር። አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ድፍን! ያ ቦታ እኮ በአንገቱ ልክ የተፈለፈለ ነው። ትንሽ ውፍረት ሲጨመርበት አንገቱ አይገባም፤ ቢገባም ከፍ ብሎ ይቀመጥና ክሩ ፍሬቱ ላይ፣ ማለት አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች ላይ፣ ተኝቶ ይንጫጫል። ይህን ሳስረዳው አንገቱን ከእጄ ነጥቆ በጉልበቱ ገፋው። ቋ! ከጎድጓዳው ጥግ ቀለሙ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ዛሬም አለ። ገንዘቤን መልስ ስለው ጭራሽ የስቱኮ ጨምር አለኝ። ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም።

ጎድጓዳውን በመሮ ፈልፍዬ ወደ ልኩ የመለስኩት እኔው ነኝ። አሁን አንገቱ ሲገባ ፀጉር አያሾልክም። አናጺ የሆነ ጎረቤቴ አይቶ የፋብሪካ መስሎታል።

አንተ ግን ፕላስተር አትመን። በጎድጓዳው ልክ የተላገ፣ ረዘም ያለ ጣውላ አናጺ ቤት አስቆርጥና በራሱ በአንገቱ ብሎኖች እሰረው። ቀቢው እሱን ይዞ ይረጫል፣ ማንጠልጠያም ይሆነዋል፣ ቦታውም ይሸፈናል። ሲረጭ አጠገቡ ቁም። ማኪያቶ ልጠጣ ብለህ እንዳትሄድ። ከስር ሲንተቲክ የሚባለውን የዘይት ቀለም ቀብቶ ከላይ ናይትሮ እንዳይረጭብህም ጠይቀው፤ ይሸበሸባል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አይሞከርም። ናይትሮ ከሆነ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ጥቅምትን ጠብቅ።

ቁጥሩን ረሳሁት፣ ብቻ ቀጥሎ ማድረቅ ነው። አፍንጫህን አስጠግተህ ቲነር ቲነር ከሸተተህ አልደረቀም፣ አትንካው። ሲደርቅ በ1000፣ በ1500፣ በ2000 ውሃ እየነካህ ፈግፍግ። ውሃው የብሎን ቀዳዳ ውስጥ እንዳይገባ። እንጨቱ ያብጥና ቀለሙን ከቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጥቀዋል። ሽቦዎቹን ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳቸው፣ በተለይ ብሪጁ ጋ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት ጋ፣ የምትሄደውን የኤርዝ ሽቦ። እሷን ሳትበይድ ከገጠምከው አምፕሊፋየሩ ይጮህብሃል፤ ክሩን ብትይዘውም ዝም አይልም።

ጣውላው እኔ ጋ አለ። ያንተም ጊታር አንገቱ በአራት ብሎን የሚታሰር ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አራት ኪሎ መጥተህ ትወስዳለህ።