ስለ ፊዚክስ ጠይቁኝ፦ ከአራት ኪሎ

ከአራት ኪሎ ግቢ በፊዚክስ ተመርቄ አሁን እዚያው ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ጎን ለጎን በጀማሪዎች ላብ (ቤተ ሙከራ) አግዛለሁ። የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ስልኬ በጥያቄ ይሞላል። የዛሬዎቹን እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሳልመርጠው ፊዚክስ ደረሰኝ። ምን ይሻለኛል?

መጀመሪያ አልቅሺ። እኔም አልቅሻለሁ፤ የኔ ምርጫ ሶፍትዌር ነበር። መቀየር ከፈለግሽ ግን ዛሬውኑ ጠይቂ፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ያለፈሽን ኮርስ ማሟላት ያደክማል።

ጥያቄ፦ ክፍሉ ትንሽ ነው ይላሉ። ይጠቅማል?

የኛ ባች 17 ልጅ ነበር። መደበቂያ የለም! ሁለተኛ ዓመት እያለሁ የጋውስን ሕግ ሸምድጄ ገባሁ፤ በዝግ ገጽ የሚያልፈው ጠቅላላ የኤሌክትሪክ ፊልድ (ፍለክስ) የሚወሰነው ውስጡ ባለው ቻርጅ ነው ይላል። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሉል ሳሉና ቻርጁን ከሉሉ ውጪ አስቀመጡት። «አሁንስ?» አሉኝ። «ዜሮ» አልኩ በኩራት። «ምኑ ነው ዜሮ? ፍለክሱ ነው ወይስ ፊልዱ?» ጭጭ አልኩ። «አስቢበትና ነገ ቢሮ ነይ» አሉኝ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ለካ ገብቶ የሚወጣው እኩል ስለሆነ ዜሮ የሚሆነው ጠቅላላ ፍለክሱ ነው፤ ፊልዱ ግን ሉሉ ላይ አለ። 200 ሰው ባለበት አዳራሽ ቢሆን ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ሽምደዳዬን ይዤ እመረቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ሂሳብ ይከብደኛል። ይቅርብኝ?

ይከብድሃል ወይስ ያስጠላሃል? ከከበደህ በልምምድ ይቀላል። ካስጠላህ ሌላ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ላብ ላይ ውጤቴ ሁሌ ከመጽሐፉ ይለያል። ምን ላድርግ?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ፔንዱለም (በክር ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ኳስ) ሠርታችሁ g ስትፈልጉ፣ ማለትም የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሴኮንዱ ስንት እንደሚጨምር ስትለኩ፣ አብዛኞቻችሁ መጽሐፉን አይታችሁ ልክ 9.8 ታመጣላችሁ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ስለዚህ እዚህ g ወደ 9.77 ነው። አሁን ይህን በሰዓት ለመያዝ ሞክሩ። በ1 ሜትር ክር 20 ዙር ብትቆጥሩ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 0.06 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ጣታችሁ ሰዓቱን እስኪጫን ያልፋል። 100 ዙር ብትቆጥሩ 0.3 ሴኮንድ ይሆናል። ይሄ ይያዛል። ግን ክሩን ስትለኩ 3 ሚሊሜትር ከተሳሳታችሁ ልፋታችሁ ገደል ገባ። አብዛኛው ልጅ እስከ ኳሷ አናት ይለካል፤ እስከ መሃሏ ነው የሚለካው። እና 9.74 ካገኛችሁ 9.74 ብላችሁ ጻፉ፣ ስህተታችሁ ከየት እንደመጣ አስረዱ። አሳምሮ ከመጣው 9.8 ይልቅ ለሱ ነው ማርክ የምሰጠው።

ጥያቄ፦ ልጄ ፊዚክስ ካልተማርኩ ብሎኛል። አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሥራ ያገኛል?

አልዋሽዎትም፣ እናቴ። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ማስታወቂያ ላይ «ፊዚክስ» የሚል ሥራ ብዙ አያገኝም፤ ማስተማሩ ነው ቅርቡ። ከዚያ ከፍ ካለ ግን በር አለው። ጥቁር አንበሳ የካንሰር ታማሚ ጨረር ሲታዘዝለት መጠኑን የሚያሰላው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። ሰማይ ከወደደ ደግሞ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ክረምት ላይ ግን ደመናውን ነው የሚያየው። ፕሮግራሚንግ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ይልመድ፤ ይህን ከኔ ነው በሉት።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። ብቻዬን እሆናለሁ?

ከ17ቱ ሦስት ነበርን። ሦስታችንም ተመርቀናል።

ጥያቄ፦ መምህር ቢሮ መሄድ እፈራለሁ።

«ምንም አልገባኝም» ብለህ ከሄድክ እሳቸውም ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም። የሞከርከውን ወረቀት ይዘህ ሂድ። «እዚህ መስመር ድረስ መጥቻለሁ፣ እዚህ ጋ ጠፋብኝ» በላቸው። የተሰረዘ ስርዝርዝ ይሁን፣ ችግር የለውም። የኔ መምህር መጀመሪያ የሚያነቡት የሰረዝኩትን ነበር።