በደጋ ሸንተረር ላይ ሙቀትን፣ ነጎድጓድንና በረዶን አስቀድሞ ስለማወቅ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በሰሜን ሸዋ ከጣርማ በር ሸንተረር ብዙም ሳይርቅ ነው። ከላይ ደጋው ላይ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ አርሳለሁ፤ ከገደሉ በታችም ጥቁር አፈር ላይ አንድ የጤፍ ማሳ አለኝ። በራዲዮ «በሰሜን ሸዋ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል እኔ ዘንድ ጠብ ሳይል ይመሻል፤ ምንም ባልተባለበት ቀን ደግሞ በረዶ ይወርዳል። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ባቄላዬን ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጨፈጨፈው። ከዚያ በፊት በሐምሌ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ስንዴው ላይ የረጨሁትን ፀረ አረም 8 ሰዓት ላይ ዝናብ አጠበው። ልጄ በስልኩ የሚያሳየኝ ምስል ክረምቱን ሙሉ መብረቅ ያለበት ደመና ነው። ግንቦት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ «ዝናቡ ቀርቧል» የምንለውስ እውነት ነው? ሙቀቱንም ነጎድጓዱንም አስቀድሜ የማውቅበት መንገድ ካለ ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ ራዲዮው የተናገረው ለዞኑ ነው፤ በረዶው የወረደው ግን በእርስዎ ማሳ ላይ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ ይህ መንገድ ግን ከ2800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ውርጩም ደጋውም ቆላውም «ሰሜን ሸዋ» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉ። አንድ የነጎድጓድ ደመና በበኩሉ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ኪሎ ሜትር የማይሰፋና ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይቆይ ነገር በመሆኑ፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ጎርፍ ሲወርድ ከፊቱ ያለው ማሳ ደርቆ ሊውል ይችላል። ስለዚህ በተራራማ አገር ነጎድጓዱ የሚወርድበትን ቦታ ከአንድ ቀን በፊት ለይቶ መናገር እጅግ አስቸጋሪ ሲሆን፣ የሚመጣበትን ሰዓት መገመት ግን በአንጻሩ ቀላል ነው። የእርሻ ሥራዎን «የት ይዘንባል?» በሚለው ሳይሆን «ስንት ሰዓት ላይ ሊደርስ ይችላል?» በሚለው ላይ እንዲመሠርቱ የምመክርዎ በዚህ ምክንያት ነው።

ሰዓቱ የሚታወቀው ደመናውን የሚሠራው ተራራው ራሱ ስለሆነ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የነፋሳት መገናኛ የሆነው የዝናብ መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ እንዲሁም ከህንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥብ አየር ወደ ደጋችን ይገባል። እርጥበቱ በዚህ መልክ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ፣ ጠዋት ፀሐይዋ የተራራውን ገጽ ታሞቀዋለች፤ ገጹን የነካው አየርም በዚያው ከፍታ ከሸለቆው በላይ ካለው አየር ይልቅ ስለሚሞቅ ቀለል ብሎ ሽቅብ ይነሣል፤ ከቆላው በኩል ያለው አየርም እሱን ተከትሎ ገደሉን ይወጣል። ረፋድ ላይ ፊትዎን ወደ ቆላው አድርገው ሲቆሙ ከታች ወደ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ይኸው ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ በሸንተረሩ ራስ ላይ ትናንሽ ነጭ ደመናዎች ይታያሉ፤ እነዚህ እስከ ቀትር ካደጉ ነጎድጓዱ በአብዛኛው ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወርዳል። ከገደሉ በታች ያለው የጤፍ ማሳዎ ዘግየት ብሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ሌሊት ሊያገኘው ይችላል፤ ምክንያቱም ሲመሽ የደጋው ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ስለሚፈስስና በሸለቆው ያለውን ሞቃት አየር ስለሚያነሣው ነው።

ስለ ሙቀቱ የጠየቁት ግማሹ እውነት ነው። በእኛ ደጋ ክረምት የሙቀት ወቅት አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ፀሐይዋን ስለሚከልላት የቀኑ ሙቀት ይቀንሳል፤ ሙቀቱ የሚበረታው ከዚያ በፊት እስከ ሰኔ መግቢያ ባሉት ወራት ነው። ይሁን እንጂ የፀሐይዋ መበርታት ብቻውን ዝናብ አያመጣም። ልዩነቱ በደረቅ ሙቀትና በወበቅ መካከል ነው። ቀኑ ሲያቃጥል ውሎ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ከቀዘቀዘ አየሩ ገና ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ዝናብ አልያዘም። ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ ካደረ፣ ጠዋት ሣሩ በጤዛ ከረጠበና ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሰውነት የሚያላብስ ወበቅ ካለ ግን እርጥበቱ ደርሷል ማለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ቢመጣ አይገርምም።

የመጀመሪያውን ነጎድጓድ አይቶ ዘር መበተን ግን ሌላ ስሕተት ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ ኃይለኛ ዝናብ አብዛኛው በጎርፍ ስለሚሄድ አፈሩን በጥልቀት አያርሰውም። በአየር ጠባይ ጥናት ዘንድ ዝናቡ በእርግጥ ገብቷል ለማለት በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ በሦስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡና ከዚያም በኋላ ረጅም ደረቅ ጊዜ አለመከተሉ ነው። ሁለተኛውን ከትንበያ ይሰማሉ፤ የመጀመሪያውን ግን በገዛ ራስዎ ሊለኩት ይችላሉ። አፉና ቂጡ እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርገው ይትከሉ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውኃ ጥልቀት የልጅዎን ማስመሪያ ቀጥ አድርገው ቢያስገቡ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ያነብባሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከላይም ከታችም ባሉት ማሳዎችዎ አንዳንድ ጣሳ ቢኖር፣ ከአንድ ክረምት በኋላ የትኛው ማሳ ምን ያህል እንደሚያገኝ ማንም ሊነግርዎ ከሚችለው የተሻለ ያውቃሉ።

ወደ ትንበያው ልመለስ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከክረምቱ መግቢያ በፊት የወቅቱን አዝማሚያ፣ በየ10 ቀኑና በየዕለቱ ደግሞ አጠር ያለ ትንበያ ያወጣል። የወቅቱ ትንበያ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» በሚሉ ሦስት ክፍሎች በመቶኛ ይቀርባል። ምንም ፍንጭ ባይኖር ኖሮ ሦስቱም 33 በመቶ ገደማ በሆኑ ነበር፤ ስለዚህ «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ» ሲባል ሚዛኑ ወደዚያ አጋደለ ማለት እንጂ ይዘንባል ተብሎ ቃል ተገባ ማለት አይደለም። የኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ የመሞቁ፣ ዜና በሚሰማበት ዓመት ግን ጆሮ ሊሰጡት ይገባል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የደረሰው የዝናብ እጥረት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህ ትንበያ የትኛውን ዝርያ እንደሚዘሩ ለመወሰን ይጠቅምዎታል፤ ፀረ አረም መቼ እንደሚረጩ ግን አይነግርዎትም።

የልጅዎ ስልክ የሚያሳየው ምስል ከዓለም አቀፍ የስሌት ሞዴሎች የሚመጣ ነው። እነዚህ ሞዴሎች ምድርን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሚሰፉ ሳጥኖች ከፋፍለው ለአንዱ ሳጥን አንድ አማካይ ከፍታ ስለሚሰጡ፣ የእርስዎ ሸንተረርና ከሥሩ ያለው ገደል በአንድ ሳጥን ውስጥ ተደባልቀው ደልዳላ መሬት ይመስላሉ። በነሐሴ በየቀኑ የመብረቅ ምስል የሚያወጣውም በዚያ ሳጥን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ነጎድጓድ መኖሩ አይቀርም ብሎ ስለሚያሰላ ነው። ምስሉን ትተው ሁለት ነገር ብቻ እንዲያነብብልዎ ያድርጉ፤ በየሰዓቱ የተጻፈውን የዝናብ ዕድልና የሙቀቱን ልክ። ሙቀቱን ደግሞ በከፍታ ያስተካክሉት፤ በየ100 ሜትሩ ሽቅብ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሱ፣ ቁልቁል ያንኑ ይጨምሩ። ትንበያው ለደብረ ብርሃን 20 ዲግሪ ካለ፣ 2000 ሜትር ላይ ላለ ማሳ 25 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የዓይን ሥራ ነው። ከ5 ሰዓት በፊት ደመናው ከሸንተረሩ ተነሥቶ እንደ አበባ ጎመን እየተቆለለ፣ ጠርዙም ጥርት ብሎ ከታየ ቀኑ ነጎድጓድ አለው ብለው ይያዙ። ደመናው ተነሥቶ ራሱ ተዳፍጦ ሰፍቶ ከቀረ ከላይ የሚያፍነው አየር አለ፤ ብዙ ጊዜ ነጎድጓድ ሳያመጣ ያልፋል። ጫፉ እንደ አንጥረኛ መስፍ ጠፍጥፎ እንደ ተፈተለ ጥጥ ሲሳሳ ደመናው ውስጥ በረዶ ተሠርቷል። ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከደመናው በኩል ፊትዎን ከመታዎ የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

በረዶው እርስዎን ከቆላው ሰው ይልቅ የሚጎዳበት ምክንያት ቀላል ነው። በክረምት አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 እስከ 5000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። የበረዶው ፍሬ ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ከዚያ በታች ከ3000 ሜትር በላይ ሞቃት አየር ስለሚያቋርጥ ብዙው መንገድ ላይ ይቀልጣል፤ 3000 ሜትር ላይ ላለ ማሳ ግን የቀረው ከ2000 ሜትር አይበልጥም። ጊዜውም ቢሆን በዘፈቀደ አይደለም፤ በደመና መካከል ፀሐይ የምትበረታበት የክረምቱ መግቢያና መውጫ፣ ማለትም ሰኔና ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ፣ ከሐምሌው ዝናብ ይልቅ በረዶ ይበዛበታል። የባቄላዎ አበባና እሸት ያረፈው በዚሁ ጊዜ ላይ ነው። በረዶ የሚጠርገው ጠባብ መስመር ስለሆነ ባቄላውን በአንድ ሸንተረር ላይ ከማከማቸት ለሁለት ከፍሎ መዝራት ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

ፀረ አረሙን 6 ሰዓት ላይ መርጨትዎ ትልቁ ጥፋት ነበር። ጤዛው ሲደርቅ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምረው ከ4 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ ያለ ዝናብ መቆየት ያለበት ሰዓት እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ስለሚለያይ በመያዣው ላይ የተጻፈውን ያስነብቡ። ከ4 ሰዓት በኋላ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስም ይነሣል፤ ለስንዴ የሚረጨውን ቱ ፎር ዲ የተባለ ፀረ አረም ደግሞ ነፋስ ወስዶ ባቄላ ላይ ካሳረፈው ባቄላውን ይገድለዋል። ዩሪያም እንደዚሁ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አርሶ አደሮችን ከምሳ በኋላ ሰብስቤ ስንዴ ላይ ዩሪያ አስበተንኩ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በወረደው ዝናብ ነጫጭ ፍሬዎቹ በፈሰሱ ውስጥ እየተንከባለሉ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ዳር ቆሜ አየሁ። አንድ ሽማግሌ «ጠዋት ምን ያዘህ?» ብቻ አሉኝ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ውኃ ሳይተኛበት፣ ጠዋት፣ አረሙ ከታረመ በኋላ ይጨምሩት፤ ፈሰሱንም አስቀድመው ይጥረጉ።

መብረቁን ስለ ከብቶቹ ብዬ ላንሣው። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 በታች ከቆጠሩ ከብቶቹን ከሸንተረሩ ራስ፣ ከሽቦ አጥርና ብቻውን ከቆመ ዛፍ ያርቁ፤ እርስዎም ወደ ቤት ይግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አይመለሱ። ዛፍ ሲመታ ኃይሉ በመሬት ውስጥ ስለሚሰራጭ፣ የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ በሬ ከሰው ይልቅ ይጎዳል። እረኛው ልጅ ከብቶቹን ትልቅ ዛፍ ሥር እንዳይሰበስብ ይንገሩት።

በረዶ ከወረደ በኋላ ማሳውን ለመገልበጥ አይቸኩሉ። ስንዴ ከሥሩ ብዙ ግንድ በሚያበዛበት ዕድሜ ላይ ከተመታ፣ የሚያድግበት ጫፍ ገና አፈር ውስጥ ስለሆነ ቅጠሉ ቢቆራረጥም ይመለሳል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቀው አዲስ ቅጠል መኖሩን ይዩ። ዘለላ አውጥቶ ግንዱ ከተሰበረ ግን አይድንም። ባቄላ ገና ወጣት ሆኖ ግንዱ ከታች ከተረፈ አዲስ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል፤ በቆሰለው ላይ ቸኮሌት ስፖት የሚባለው የባቄላ በሽታ እንዳይገባ በየሁለት ቀኑ ይፈትሹት። እንደ ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ከሆነ ደጋው ላይ ዳግመኛ መዝራት ከጥቅምት ውርጭ ጋር መጋጨት ነው፤ ዘሩን ከገደሉ በታች ወዳለው ጥቁር አፈር ቢወስዱትና በዚያ ባዶ ቦታ ካለዎት በቀረው እርጥበት ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ ቢዘሩ ይሻላል። የተጨፈጨፈውን ባቄላ ሳይበሰብስ አጭደው አጠውልገው ለከብት ያብሉት፤ በቅርቡ ኬሚካል ተረጭቶ ከሆነ ግን በመያዣው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን እስኪያልፍ ከብት እንዳይቀምሰው ይጠብቁ።