የአሜሪካዊው ኮሜዲያን የሪቻርድ ፕራየር ግለ ታሪክ ይነበባል ወይ?

ወንድሜ፣ "ያው በሱሱ ሲፎክር ነው ወይስ ቁም ነገር አለው?" ላልከው፣ አንብበው። ሰውየው አይፎክርም። ልጅነቱን ያሳለፈው ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ ውስጥ አያቱ በሚያስተዳድሩት የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነው። እሱን ሲያወራ እንኳን እዘኑልኝ አይልም።

እኔን የያዘኝ የቃጠሎው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1980 ኮኬይን ሲያጨስ ከርሞ ሰውነቱ በእሳት ተያያዘ፤ እየነደደ ሎስ አንጀለስ መንገድ ላይ ሮጠ። ያኔ አደጋ ነው ተባለ። በ1982 በወጣው የመድረክ ፊልሙ ደግሞ ብስኩት ወተት ውስጥ ስነክር ፈነዳብኝ ብሎ ቀለደ። ቀጥሎ ክብሪት ለኩሶ በአየር ላይ እያንቀሳቀሰ፣ ይሄ ፕራየር ነው፣ ሲሮጥ፣ አለ። ታዳሚው በሳቅ ፈረሰ። በ1995 በወጣው መጽሐፍ ግን ወተትም ብስኩትም የለም። የአልኮል መጠጥ በላዬ አፍስሼ ሆን ብዬ ለኮስኩት ይላል።

ትዳሩን ተወው፣ በሕይወቱ ሰባት ጊዜ ነው ያገባው። እኔ ቆጠራው ጠፍቶብኛል።

መጀመሪያ ፊልሙን እይ፣ ከዚያ መጽሐፉን። ደግሞ አፉ ባለጌ ነው፤ እናትህ አጠገብ ተቀምጠህ እንዳትከፍተው።