በ26 ዓመቴ ብሬል ልጀምር ወይስ ስልኬ ይበቃኛል?

ጥያቄ፦ በጋዜጠኝነት ተመርቄ በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ ስሠራ ነበር። በግላኮማ ምክንያት የዓይኔ ብርሃን ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምንም አላይም። ሬዲዮን መተው አልፈልግም። ብሬል ልማር ስል አንዳንዱ «በዚህ ዕድሜ አእምሮ አይቀበልም» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ስልክ እያነበበልሽ ብሬል ምን ያደርግልሻል?» ይላል። ዜና አንባቢ የመሆን ሕልሜንስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሬዲዮን አትተዪ። ዜና ማንበቡን ግን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

«አእምሮ አይቀበልም» የሚሉሽ ሰዎች ነገሩን ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኖሪሂሮ ሳዳቶና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት አወጡ። ዓይነ ስውራን ብሬል ሲያነቡ አንጎላቸው ምን እንደሚሠራ በምስል ተከታተሉ። ከጭንቅላት በስተኋላ ያለው የእይታ ክፍል ሥራ ላይ ሆኖ ተገኘ። በልጅነት የታወረ ሰው አንጎል ውስጥ ያ ክፍል ከዓይን የሚመጣለት ቢያጣም አልቦዘነም፤ ሌላ መደብ ያዘ። በዓመቱ ይህንኑ ክፍል በማግኔት ምት ለአፍታ ሲያውኩት አንባቢዎቹ ፊደል መሳሳት ጀመሩ። ስፔን ውስጥ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነች ጎበዝ የብሬል አንባቢ ነበረች። ስትሮክ የእይታ ክፍሏን በግራም በቀኝም ጎዳው። ነጥቦቹ ጣቷ ላይ ይሰሟታል፤ ማንበብ ግን አቃታት።

ያንቺ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። የማግኔቱ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1999 ከ14 ዓመታቸው በኋላ በታወሩ ሰዎች ላይ ሲደረግ ያ ስህተት አልታየም። ስለዚህ ዕድሜ ለውጥ ያመጣል፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ግን ልብ በዪ፦ እነዚያም ሰዎች ብሬል አንባቢዎች ነበሩ። አንጎላቸው በሌላ መንገድ ሄደ እንጂ መማርማ ተምረዋል።

ደግሞም መንገዱ ጭራሽ የተዘጋ አይመስልም። ቦስተን ውስጥ ማየት የሚችሉ ሰዎች ዓይናቸው ለ5 ቀን ተሸፍኖ ብሬል ተማሩ። በነዚያ ቀናት የእይታ ክፍላቸው ለጣት ንክኪ መልስ መስጠት ጀመረ። መሸፈኛው ከተነሳ በኋላ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የፖላንድ ጥናት ደግሞ ይበልጥ አንቺን ይመለከታል። ዓይናቸው የሚያይ ጎልማሶች ለ9 ወር በጣት ማንበብ ተማሩ፤ የታተመ ቃል የሚለየው የአንጎላቸው ክፍል ብሬልንም ማስተናገድ ያዘ። ዘጠኝ ወር ነው እንግዲህ። «ዓይን ሲጠፋ ጣትና ጆሮ በራሱ ይሰላል» የሚባለውንም ብዙ አትመኚበት። ሳይለማመዱ የሚመጣ ነገር የለም።

አሁን ወደ ስልኩ። ቤት ስትሆኚ ስልክሽ ያንብብልሽ፣ ጥሩ ነው። ስቱዲዮ ውስጥስ? ማይክሮፎኑ ተከፍቷል። እንግዳሽ እያወራ ነው። በሄድፎንሽ ቴክኒሻኑ «አንድ ደቂቃ ቀረሽ» ይልሻል። በዚህ ላይ ስልክሽ ቀጣዩን ጥያቄ ቢያነብልሽ የትኛውን ትሰሚያለሽ? ጆሮሽ ሞልቷል። እጅሽ ግን ሥራ ፈት ነው። ጠረጴዛው ላይ ወፈር ያለ የብሬል ወረቀት አለ እንበል፦ የእንግዳው ሙሉ ስም ከነማዕረጉ፣ አምስት ጥያቄ በአጭር በአጭሩ፣ የጣቢያው ስልክ ቁጥር። በግራ ጣትሽ መስመሩን ትይዣለሽ፣ በቀኝሽ ታነቢያለሽ፣ እንግዳሽንም አታቋርጪም። ለሬዲዮ ሰው ብሬል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ዜናው ላይ የጠነከርኩብሽም ለዚህ ነው። ልምድ ያለው የብሬል አንባቢ በደቂቃ 100 ቃል አካባቢ ያነባል፤ የሚበልጡም አሉ። ጎልምሶ የጀመረ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይዘገያል። ዜና ደግሞ አይጠብቅም፤ ሰበር ሲመጣ ወረቀቱ የሚደርስሽ ልትገቢ ስትይ ነው። ቃለ መጠይቅና ፕሮግራም መምራት ግን በማስታወሻ ይሠራል። በአዘጋጅነትና በፕሮግራም መሪነት ግቢ። ጣትሽ ሲፈጥን ዜናውን ያኔ እናወራለን።

ትምህርቱን የት? የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ጋ ሄደሽ ለጎልማሳ የሚያስተምር ሰው እንዲጠቁሙሽ ጠይቂ። ፊደሉ ሁሉ በ6 ነጥብ ነው የሚሠራው። በአማርኛው ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ የፊደል ገበታውን ሁሉ እንደ አዲስ አትሸመድጂም። ስሌትና ስታይለስ ላይ፣ ማለትም ብሬል በእጅ በሚጻፍበት ሰሌዳና መውጊያ ላይ፣ መጀመሪያ መናደድሽ አይቀርም፤ ከቀኝ ወደ ግራ ወግተሽ፣ ወረቀቱን ገልብጠሽ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምታነቢው። ጣትሽን አትጫኚ፤ ዳበስ ብቻ። በሳምንት አንዴ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሻላል። በስምሽና በስልክ ቁጥሮች ጀምሪ፤ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላሉ።

ጎን ለጎን ኮምፒውተርሽ ላይ ኤንቪዲኤ (NVDA) የሚባለውን ጫኚ፤ ነፃ ስክሪን ሪደር ነው፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልሽ ፕሮግራም። ድምፅ ለመቁረጥና ለመቀጠል ሪፐር (REAPER) የሚባለውን ፕሮግራም ብዙ ዓይነ ስውራን ያለ ማውስ በኪቦርድ ብቻ ይሠሩበታል። አምስት ደቂቃ የሚሆን ቃለ መጠይቅ ራስሽ ቀርጸሽ፣ ራስሽ ቆርጠሽ ያዢ። ቀጣሪ ስለ ዓይንሽ ከመጠየቁ በፊት እሱን ያዳምጥ።

ሲቪሽ ላይ ማየት እንደተሳነሽ መጻፍ ግዴታ የለብሽም። ለፈተና ሲጠሩሽ ግን ስልኩን ሳትዘጊ ንገሪያቸው፦ «ጥያቄውን በሶፍት ኮፒ አዘጋጁልኝ፣ በስክሪን ሪደር እሠራለሁ።» ካንገራገሩ አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ጥቀሺላቸው። አካል ጉዳተኛን በመቅጠር ላይ አድልዎ ይከለክላል፤ አሠሪውም ምቹ ሁኔታ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። ስልኩን ያነሳው ሰው አዋጁን ላያውቀው ስለሚችል ቁጥሩን አስጽፊው፤ በማግስቱም መልሰሽ ደውዪ።