የኮርቢየር ምሽጎች፦ ከ«ካታር ግንቦች» የትኞቹን ማየት ይሻላል?

ሰላም ለእርስዎም ለቤተሰብዎም። በሐምሌ ከባለቤትዎና ከሁለት ልጆችዎ ጋር ከፍራንክፈርት በመኪና ወደ ደቡብ ፈረንሳይ እንደምትወርዱ ጽፈዋል። የጉዞ መጽሔቶች በመካከለኛው ዘመን በመናፍቅነት በተሳደዱት ካታር በተባሉ ክርስቲያኖች ስም «የካታር ግንቦች» ከሚሏቸው ምሽጎች በጥቂት ቀናት ውስጥ የትኞቹን ማየት እንደሚሻል፣ ባለቤትዎም «ለፈረሰ ድንጋይ ይህን ሁሉ መንገድ?» ማለታቸው እውነት እንዳለው ጠይቀዋል። እኔ የምኖረው ቱሉዝ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምወስደውም ወደዚያው አገር ስለሆነ፣ መልሱን ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

ከምርጫው በፊት ግን አንድ ነገር ማስቀደም አለብኝ፤ ምርጫው የሚቃናው በእሱ ነውና። ኮርቢየር በሚባለው ተራራማ አገር፣ በኦድ አውራጃ ደቡብ፣ በገደል አናት ላይ የተቀመጡት ኬሪቡስ፣ ፔርፔርቱዝ፣ ፒዊሎራን፣ ቴርምና አጊላር፣ ዛሬ የምናየው ግድግዳቸው በአብዛኛው ካታሮች የሠሩት አይደለም። ካታሮቹና የተጠጉባቸው ባላባቶች ከተሸነፉ በኋላ፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ከአራጎን መንግሥት ጋር የሚዋሰንበትን ድንበር ለማስጠበቅ ያሠራቸውና ያስፋፋቸው የጦር ምሽጎች ናቸው። «አምስቱ የካርካሶን ልጆች» የሚል ቅጽል የወጣላቸውም ዋናው የንጉሡ ምሽግ ካርካሶን ስለነበረና እነሱም በእሱ ሥር ሆነው ድንበሩን ስለሚጠብቁ ነው። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው በየግንቡ የመናፍቃን ምሥጢር ሲፈልግ ይውልና ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። ድንበሩን የሚፈልግ ሰው ግን በየአናቱ ያገኘዋል።

የታሪኩ አካሄድ እንዲህ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ካታር የተባሉት፣ ይህን የሚታየውን ዓለም የሠራው ክፉ ኃይል ነው ብለው የሚያምኑ፣ የሮማን ቤተ ክርስቲያን ሥልጣንና ምሥጢራት የማይቀበሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ስለ እነሱ ከምናውቀው አብዛኛው የተገኘው ከከሰሷቸውና ከመረመሯቸው ሰዎች መዝገብ ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በ1208 የሮማው ጳጳስ መልእክተኛ ፒየር ደ ካስቴልኖ ሲገደል፣ ጳጳሱ ሣልሳዊ ኢኖሰንት የመስቀል ጦርነት አወጀ። በ1209 ሐምሌ ቤዚዬ ከተማ ተዘርፋ ነዋሪዎቿ ተጨፈጨፉ፤ በነሐሴ ደግሞ ካርካሶን እጅ ሰጠች። የአገሩ ገዥ ሬይሞን ሮዤ ትራንካቬል በዚያው ዓመት በእስር ቤት ሞተ፤ ግዛቱም ለመስቀል ጦሩ መሪ ለሲሞን ደ ሞንፎር ተሰጠ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከማንም በላይ የሚያስረዳዎት ቴርም ነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1210 ሞንፎር ቴርምን ከነሐሴ እስከ ኅዳር ከበበ። ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምግብ ነበራቸው፤ ያለቀባቸው ውኃ ነው። የግንቡ ጌታ ሬይሞን ደ ቴርም በማግስቱ እጅ ለመስጠት ከተስማማ በኋላ፣ በዚያችው ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለና የውኃ ማጠራቀሚያዎቹ ሞሉ፤ ሲነጋም «አንሰጥም» አሉ። ነገር ግን ውኃው ተበክሎ ኖሮ ተቅማጥ ገባባቸው፤ በመጨረሻ በሌሊት ሲሸሹ ሬይሞን ተያዘና ካርካሶን ታስሮ በዚያው ሞተ። የልጁ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚገርም ነው። ኦሊቪዬ ደ ቴርም በወጣትነቱ አባቱን የገደሉበትን ሲወጋ ኖሮ፣ በኋላ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 9ኛ ገባ፤ ከንጉሡም ጋር ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ካታሮች ሲጠለሉበት የኖሩት ኬሪቡስ በ1255 ለንጉሡ የገባው፣ የግንቡን ጌታ ሻቤር ደ ባርቤራን ይኸው ኦሊቪዬ ከያዘው በኋላ ነው። እኔ በግሌ ከአገሩ ታሪክ ሁሉ የአባትና የልጁን ያህል የሚያሳስበኝ የለም። አንዱ በውኃ ጥም ግንቡን አጣ፤ ሌላው የአባቱ ጠላት ለነበረው ዙፋን የመጨረሻውን ግንብ አስረከበ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1258፣ ሉዊ 9ኛና የአራጎኑ ንጉሥ ዣክ 1ኛ በኮርቤይ ውል ተዋዋሉ። ፈረንሳይ በካታሎንያና በሩሲዮን (በዛሬው የፔርፒኛን አካባቢ) ላይ የነበራትን የይገባኛል ጥያቄ ተወች፤ አራጎንም ካርካሶን ባለችበት በላንግዶክ አገር ላይ የነበራትን አብዛኛውን ተወች። ድንበሩም በእነዚህ አምባዎች ግርጌ ሆነ። ይህ ሁኔታ እስከ 1659 ቆየ፤ በዚያ ዓመት በፒሬኔ ውል ሩሲዮን ለፈረንሳይ ሲሰጥ ድንበሩ ወደ ደቡብ ተገፋ፤ ምሽጎቹም ሥራ ፈት ሆኑ። የተተዉበት ምክንያት ይህ ነው፤ ጦርነት አላፈረሳቸውም፤ ድንበሩ ጥሏቸው ሄደ። ቴርም ብቻ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1650ዎቹ በንጉሡ ትእዛዝ በባሩድ ፈርሷል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። አንድ ቀን ብቻ ቢኖራችሁ ኬሪቡስንና ፔርፔርቱዝን እዩ። በመካከላቸው የኩኩኛን መንደር አለ፤ በመኪና ርቀታቸው አጭር ነው፤ ከአንዱ አናት ሆኖ ሌላውን ማየትም ይቻላል። ኬሪቡስ በ728 ሜትር ከፍታ ላይ በጠባብ ዐለት የተተከለ ነው፤ መውጫው አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። በዋናው ግንብ ውስጥ አንድ ዓምድ ብቻ ጣሪያውን በሙሉ የተሸከመበት አዳራሽ አለ፤ የአዳራሹ አሠራር የንጉሡ ግንበኞች ከሰሜን ያመጡት ጥበብ መሆኑ ግልጽ ነው። ከሰገነቱ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ስታዞሩ የምታዩት የሩሲዮን ሜዳ ነው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን እዚያ ሜዳ ላይ የሚጨስ እሳት የሌላ መንግሥት እሳት ነበር። ምሽጉ ለምን እዚያ እንደ ተሠራ ልጆችም ሳይቀሩ በዚያች ቅጽበት ይገባቸዋል።

ፔርፔርቱዝ ከሁሉም ይልቃል፤ በ800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ 300 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የዐለት ጀርባ ተዘርግቷል። በውስጡ ሁለት ምሽጎች አሉ፦ የቆየው በታች፣ ንጉሡ ያሠራው ሳን ጆርዲ ደግሞ በላይ። ሁለቱን የሚያገናኘው በንጉሡ ስም የሚጠራው ከዐለቱ የተፈለፈለ ደረጃ ነው፤ አንድ ወገኑ ገደል ስለሆነ ልጆቹን በእጅ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ነፋስ በበረታ ቀን ደረጃውንም ግንቡንም ይዘጉታል፤ ተቆጥቶ መከራከር ዋጋ የለውም፤ እዚያ ላይ ትራሞንታን የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሰው ይጥላል።

ባለቤትዎ የተናገሩት ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ የጎንደርን ግቢ የሚመስል ያጌጠ ቤተ መንግሥት የሚጠብቅ ሰው በእርግጥ ያዝናል። እነዚህ ይልቅ እንደ መቅደላ ያለ አምባ ናቸው፤ ዋናውን ምሽግ ተፈጥሮ ሠርቶታል፤ ሰው የጨመረው ገደሉ የሳሳበትን ቦታ መዝጋት ብቻ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ቁመት ይልቅ የሚከተሉትን እንዲመለከቱ ይንገሯቸው። በየምሽጉ የውኃ ማጠራቀሚያውን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ተለስኖ ከጣሪያ ውኃ የሚቀበል ጉድጓድ ነው፤ የቴርምን ታሪክ ለሰማ ሰው ከዚህ ጉድጓድ የሚበልጥ ክፍል በምሽጉ ውስጥ የለም። በግድግዳው ላይ በተርታ የሚታዩት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች የእንጨት ወለሉ ተሸካሚዎች የገቡባቸው ናቸው፤ እነሱን ቆጥሮ ፎቁ ስንት እንደ ነበር ማወቅ ይቻላል። ፒዊሎራን ላይ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በግድግዳዎች መካከል እየተጠማዘዘ እንዲወጣ ተደርጓል፤ አጥቂው በየመታጠፊያው ጎኑን ለቀስት እንዲሰጥ ታስቦ ነው። ልጆች ይህን ራሳቸው ሲሞክሩት ከማንኛውም አስጎብኚ በተሻለ ይረዱታል። አጊላር ዝቅ ያለ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ለደከመ እግር ይመቻል። ቴርም ደግሞ የቀረው ጥቂት ቢሆንም፣ በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው የመስቀል ቅርጽ መስኮት አሁንም አለች።

ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑና ፍርስራሽ ከሰለቻቸው፣ አርክ ላይ በሸለቆው ሜዳ የቆመ 25 ሜትር ያህል የሚረዝም ሙሉ ግንብ አለ። እንዲሁም በመንደር መካከል ያለው ቪልሩዥ ቴርምኔስ አራት ክብ ማማዎቹን እንደ ያዘ ቆሟል። ከካታሮቹ ጋር ቀጥተኛ ትስስር ያለው ቦታ ከፈለጋችሁ ደግሞ ይኸው ነው። የናርቦን ሊቀ ጳጳስ ንብረት በነበረው በዚህ ግንብ በ1321 ጊዮም ቤሊባስት ተቃጠለ፤ በላንግዶክ ከታወቁት የካታር መምህራን የመጨረሻው ነው። ከፒሬኔ ማዶ በስደት ይኖር ነበር፤ አርኖ ሲክር የተባለ ሰው አማኝ መስሎ ከቀረበው በኋላ አታሎ አስመለሰውና ለመርማሪዎቹ አስያዘው። ሲክር ይህን ያደረገው የተወረሰውን የእናቱን ንብረት ለማስመለስ ነበር፤ የገዛ እናቱ በእምነቷ ምክንያት የተቃጠለች ካታር ነበረች።

ስለ ሞንሴጉር መጠየቅዎ አይቀርም፤ በአሪዬዥ አውራጃ ስለሚገኝ ከኮርቢየር ራቅ ይላል። ከአሥር ወር ከበባ በኋላ በ1244 መጋቢት 16 ከ200 በላይ ካታሮች በተራራው ግርጌ ተቃጥለዋል፤ ቦታው ስለዚህ ብቻ እንኳ መታየት ይገባዋል። ነገር ግን አናቱ ላይ ያለው ግንብ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ስለዚህ የካታሮች የፀሐይ መቅደስ ነበር፣ ውድ ሀብት ተቀብሮበታል የሚሉትን መጻሕፍት እዚያው በሚሸጡበት ሱቅ ይተዋቸው። ጊዜያችሁ ጠባብ ከሆነ ዝለሉት። የካርካሶን ከተማ ግንብም በ19ኛው መቶ ዘመን በአርክቴክቱ በቪዮሌ ለ ዱክ ዕቅድ በስፋት የታደሰ መሆኑን አስባችሁ ግቡ፤ ያማረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ ቀትር ላይ መንገዱ በሰው ስለሚጨናነቅ ምሽት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን አጥብቄ የምመክረው ሳልስ ነው፤ ከፔርፒኛን በስተሰሜን በአውራ ጎዳናው አጠገብ ይገኛል። ከ1497 ጀምሮ ስፔኖች በዚያው ድንበር በእነሱ ወገን የሠሩት ምሽግ ነው። መድፍ መጥቶ ስለነበር ከፍታ ጥቅም አጥቷል፤ ስለዚህ ሳልስ ግማሽ አካሉን መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ እስከ 10 ሜትር በሚወፍር ግድግዳ ተከልሎ ተቀምጧል። ኬሪቡስን ጠዋት፣ ሳልስን ከሰዓት በኋላ ያየ ሰው በ250 ዓመት ውስጥ የጦርነት ጥበብ እንዴት እንደ ተገለበጠ ያለ ምንም መጽሐፍ ይገባዋል። ለባለቤትዎ መልስ ይሆናል ብዬ የማስበው ይህ ነው።

የመንገዱን ጉዳይ በአጭሩ ልጨርስ። ያለ መኪና ማየት በጣም ያስቸግራል። ከካርካሶን ወደ ምሽጎቹ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ በካርታ ላይ ከሚታየው የበለጠ ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ኩኩኛን፣ ቱሻን ወይም ኪያን አካባቢ ማደር ይሻላል። በቀን ከሁለት ምሽግ በላይ አታስቡ፤ የመጀመሪያውን በሩ ሲከፈት ጀምሩ። ተጣብቆ የሚይዝ ጫማ፣ ኮፍያና ከምታስቡት በላይ ውኃ ያዙ፤ አናቱ ላይ ጥላ የለም። በበጋ የሰደድ እሳት ሥጋት ሲበረታ ተራራማ መንገዶችንና ቦታዎቹን ይዘጋሉ፤ በ2025 ነሐሴ በኮርቢየር የተነሣው እሳት ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጥሏል። ስለዚህ በየማለዳው ከመነሣታችሁ በፊት የአውራጃውን ማስታወቂያ ተመልከቱ፤ ከተዘጋም አርክና ቪልሩዥ ቴርምኔስ ሸለቆና መንደር ውስጥ ስለሆኑ ለዚያ ቀን ተጠባባቂ አድርጋችሁ ያዟቸው። የልጆቹን ዕድሜ ቢነግሩኝ የቀኖቹን ቅደም ተከተል ልጽፍልዎ እችላለሁ።