የአልዶራን በር ዝጋው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። በምናብህ በፈጠርከው ዓለም ውስጥ አልዶራ የሚባል ቤተ መቅደስ አለህ። እብነ በረድ ነው፣ ሺህ ደረጃ አለው፣ ከሰባት መንግሥታት ተሳላሚ ይጎርፍበታል። ያነበቡልህ ሰዎች ግን «ያምራል፤ ግን ማንም የሚጸልይበት አይመስልም» አሉህ። ምን ጎደለው ነው ያልከው።

እኔ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ልቦለድ ስጽፍና ስሰርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። መሃሉ ላይም እንዳንተው ቤተ መቅደስ አለ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ጣና ነው ያስተማረኝ።

ስህተትህን ልንገርህ፤ የኔም ስለነበረ አትቀየም። ገና በሦስተኛው ገጽ አንባቢውን እጁን ይዘህ የመጨረሻው ክፍል ውስጥ አስገባኸው። የሚያበራውን ድንጋይ አሳየኸው። አለቀ እኮ! ከዚህ በኋላ ሺህ ደረጃ ማን ይወጣልሃል?

አንድ ቀን ጣና ዳር ያለችው ልሳነ ምድር፣ ዘጌ ሂድ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ቤቱ ክብ ነው፣ ውስጡ ሦስት ክፍል ነው። ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያ ቅድስት፣ ከዚያ መቅደስ። መቅደሱ ውስጥ ካህናት ብቻ ናቸው የሚገቡት። ሰው ሁሉ አንገቱ እስኪታመም የሚያየው ሥዕል ደግሞ የት እንደተሳለ ልብ በል። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ በውጭ በኩል ነው። ያ ሁሉ ቀለም የተዘጋ ክፍል ልብስ ነው። ዕድሜ ልኩን እዚያ ያስቀደሰ የዘጌ ሰው ውስጡን አላየውም። ልየው ብሎም አያውቅም። ታቦቱ ራሱ ለንግሥ ሲወጣ ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። ሰው እልል የሚለው ለማያየው ነገር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ ድንጋዩን ደብቀው። አንተ ራስህ እንኳ ምን እንደሚመስል ባታውቅ ደስ ይለኛል።

ሌላው እንጀራ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቄን አንድ ጓደኛዬ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣ አነበበና «ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሽንቱን የት ነው የሚሸናው?» አለኝ። ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተሳላሚዎቼ አይበሉም፣ አይተኙም፣ እግራቸው አይላጥም ነበር። እውነተኛ መንገድ ላይ ግን ከጀልባ ወርደህ ቤተ ክርስቲያኑ እስክትደርስ ድረስ ትንንሽ ታንኳ የሚሸጥ ልጅ ይከተልሃል። እውነተኛው ታንኳ ደግሞ ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ተክል የተሠራ ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ስለሚናወጥ ጀልባ ነጂው ጠዋት በጊዜ ና ይልሃል። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሁለት ብቻ ስጠኝ፤ አልዶራን አምንሃለሁ። ሰውዬህ ጀልባ ያምልጠው። የትም ይደር።

ክልከላ ሲባል ደግሞ «እንዳትነካ፣ እንዳትገባ» ብቻ አይምሰልህ። ክልከላ አገር ይሠራል። ዘጌ ላይ በጥንት ሥርዓት መሬት በበሬ አይታረስም። ታዲያ ሰው በምን ይኑር? በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚ። ቡናውም አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ተክለው የበቀለ ነው ይባላል። ዛሬ ከጀልባ ወርደህ በጥላ ውስጥ የምትሄደው፣ ያን ደን የምታየው፣ አንድ «አይሆንም» ብዙ ዘመን ስለተከበረ ነው። አንተስ? አልዶራ ላይ ምንድን ነው የማይደረገው? በዚያ ምክንያትስ ምን በቀለ? ይሄን ጥያቄ ከመለስክ ካርታህ ራሱ ይቀየራል።

ስለ ታሪኩ ብዙ አትጨነቅ። አራት ገጽ የነገሥታት ዝርዝር አስገብተሃል፤ ቁረጠው። ጣና ቂርቆስ ደሴት ላይ «ታቦተ ጽዮን እዚህ ብዙ መቶ ዓመት ተቀምጣለች» ይሉሃል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል አፅም አለ። የሚነግርህ ሰው ግን ስለ ጎረቤቱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። የቆየ ነገር እንደዚያ ነው የሚነገረው። (በነገራችን ላይ አልዶራ የሚለው ስም የሽቶ ስም ይመስላል። አስብበት።)

አደራህን ግን፣ ታቦቱን ወስደህ ስም ቀይረህ እንዳታስገባ። የሚያነብህ ሰው ያውቀዋል፣ ይከፋዋልም። እኔ አሠራሩን ነው የወሰድኩት እንጂ ዕቃውን አልነካሁም።

የኔ ልቦለድ ውስጥ ያለችው ደሴት ምጽላል ትባላለች። ተሳላሚ ሁሉ ከሰፈሩ ጉድጓድ በቅል ውሃ ይዞ ይመጣና ሐይቁ ውስጥ ያፈሳል። ወደ ሐይቅ ውሃ መሸከም ምን ይባላል? አላውቅም፤ ግን ወደድኩት። የደሴቱ ጠባቂ ከማፍሰሱ በፊት ይቀምሳል። የየትኛው አገር ጉድጓድ እየደረቀ እንደሆነ በጣዕሙ ያውቃል። ውሃ ያልያዘ ሰው አይገባም። እስከዚህ ጥሩ ሄደ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ባዶ ቅል ይዛ መጣችብኝ። ጉድጓዷ ደርቋል። ጠባቂው ቢያስገባት ሕጉ ይረክሳል፣ ቢመልሳት እኔ ራሴ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ሁለት ወር አንድ መስመር ሳልጽፍ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሰሞን አክስቴን ይዤ ሐይቁ ላይ ወጣን። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ቀጥለን እንጦስ ደሴት ልንሄድ ነበር። አክስቴ ጀልባዋ ላይ ቀረች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከዚያው ሆና ተሳለመች። ከመቀነቷ አንድ ጧፍ አወጣችና «ይቺን አብራልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ስለ በሩ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ መነኮሳቱ መቀመጫ ስጽፍ ስጽፍ ቆየሁ። ለመጽሐፌ ነዋ! ስመለስ ምን አየህ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ የምነግራትን አዘጋጅቼ ነበር። አንድም አልጠየቀችኝም።

«በራች?» አለች ብቻ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ጧፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በላብ ለስልሶ ጎብጧል፤ በሱሪዬ ላይ በእጄ ዳሰስኩት። «በርታለች» አልኳት። «ተመስገን» አለችና ዳቦዋን መቁረስ ጀመረች። ፊቷ እንዴት እንደበራ ልነግርህ አልችልም።

ማታውኑ ምዕራፉን ጻፍኩት። ጠባቂው አሮጊቷን አያስገባትም። ባዶውን ቅል ተቀብሎ ይገባል፤ እሷ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ውስጥ ምን እንዳደረገ አልጻፍኩም። ሲወጣ «ደሴቷ ተቀበለችኝ?» ትለዋለች፣ «ተቀብላሻለች» ይላታል። ቅሉ እንዳለ ከበሩ ኋላ ተቀምጦ ይሁን አይሁን አንባቢው አያውቅም። ያነበቡልኝ ሰዎች ከሌላው ሁሉ የሚያነሱብኝ እሱን ነው።

አንተም አልዶራ በር ላይ አንድ የማትገባ ሰው አስቀምጥና ምዕራፉን ላክልኝ፣ አነብልሃለሁ።

ጧፉን በወሩ ተመልሼ ሄጄ አበራሁት። ለአክስቴ ግን እስካሁን አልነገርኳትም፤ የምታውቋት ካላችሁ ይቺን ጽሑፍ እንዳታሳዩብኝ።