ከጅቡቲ መስመር ሳይርቁ መጎብኘት

ጥያቄ፦ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የማሽከረክር ሹፌር ነኝ። ሥራዬን ሳልበድል በመንገዴ ያሉትን ስፍራዎች እንዴት ልጎብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋናው መንገድ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ቀንዳቸው ረጅምና ቀጥ ያለውን ሳላዎች በማለዳ ከመንገዱ ሆነው ሊያዩ ይችላሉ፤ ፏፏቴውን ለማየት ግን ተሳቢዎን አዋሽ ከተማ ላይ ከረዳትዎ ጋር ትተው በሌላ ተሽከርካሪ ቢመለሱ ይሻላል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መጥቶ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን የተጋፋ በመሆኑ፣ በእኛ እምነት ከሁሉ ይልቅ ሊያስተውሉት የሚገባ ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የጅቡቲውን አሳል ሐይቅ፣ በድንበር ከተማዋ ጋላፊ በኩል ከሚያልፈው መስመር ውጭ ስለሆነ፣ ጭነት ለመረከብ ወረፋ በሚጠብቁበት ጊዜ ያቅዱት።